የቀበሌ ቤት ጣሪያ የማን ዕዳ ነው?

በ1967 ዓ.ም.፣ በክረምቱ እኩሌታ፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በታወጀ ጊዜ፣ ኪራዩ ተቀንሶለት ከአከራይ ፊት መቆም የቀረለት የአዲስ አበባ ተከራይ ደስታው ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን አነስተኛ ኪራይ ያለው ቤት ለቀበሌው፣ ከመቶ ብር በላይ የሚከራየው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሲመደብ፣ ከቤቱ ጋር የቤቱ ዕዳም አብሮ እንደሚተላለፍ ያን ሰሞን ልብ ያለው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

የቀበሌ ቤት አብዛኛው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑም ቆርቆሮ ነው። እንዲህ ያለው ቤት በየዓመቱ እጅ ይሻል፤ ምርጊቱ በዝናብ ይራገፋል፣ ማገሩን ምስጥ ይበላዋል፣ የምሰሶው እግር በእርጥብ መሬት ውስጥ ይበሰብሳል፤ አንድ ክረምት ችላ የተባለ ቀዳዳም በሚቀጥለው ክረምት ግድግዳ ይዞ ይወርዳል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ነገር በጨለማ አልተወንም፤ በውል ሌላ ካልተነገረ በቀር የበሩን፣ የመስኮቱን፣ የወለሉን ሳንቃና የውሃውን ቧንቧ መክፈቻ እድሳት በተከራዩ ላይ ጥሎ፣ እርጅናና ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ያመጡትን ጉዳት ግን ለአከራዩ ትቶታል። ክፍፍሉ ርትዕ ነው፤ እጅ በየዕለቱ የሚዳስሰውን ነዋሪው፣ ዘመንና ሰማይ የሚያደርሱትን ባለቤቱ ይሸከማል።

ዳሩ ግን ይህ ሥርዓት ቤቱን ሊመግብ የሚችል ኪራይ እንዳለ አድርጎ የሚያስብ ነው። ለዐሥርተ ዓመታት በጥቂት ብር ላይ ቆሞ የኖረ ኪራይ አንድ ቅጠል ቆርቆሮ እንኳ ለመግዛት የብዙ ወር ጥርቅም ይጠይቃል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ዐቅም አጥቶ ሲቀመጥ፣ ችግሩ ያለበት ነዋሪ ደግሞ ቤቱ የመንግሥት ነውና ያለ ፈቃድ ቢነካው ሕገ ወጥ ግንባታ እንዳይባልበት እየሠጋ፣ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት የታሰበ እንደሆነም ፈቃዱን ተስፋ ሳያደርግ፣ በጣሪያው ላይ ላስቲክ ዘርግቶ በድንጋይ ይጭነዋል። ለምርጊትና ለምስማር ያወጣው ገንዘብ ግን በማንም መዝገብ ላይ አይገኝም።

ለተከራዩ ሲባል ኪራዩ ዝቅ ማለቱ አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው የቀረው ገንዘብ ከጣሪያው ላይ እንደ ተቀነሰ አለመናገር ነው። ኪራዩ የማይበቃ ከሆነ ለእድሳት በጀት ይቆረጥ፤ ይህም ካልተቻለ ነዋሪው ያደሰው ተመዝግቦ፣ ወጪው የብዙ ዓመት ኪራይ ቢሆን እንኳ፣ ከኪራዩ ይታሰብለት። ጣሪያ ላይ መውጣት ያቃተው ባለቤት፣ መውጣት ለሚፈልገው መሰላሉን መከልከል አይገባውም።