ወንዙ ሲመከርበት

ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም. የደቡብ ኦሞዋ ከተማ ጂንካ 13ኛውን የአርብቶ አደሮች ቀን አስተናገደች። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በበዓሉ ላይ ተገኝተው የኦሞ ጎርፍ በግድብ እንደሚገታና በታችኛው ሸለቆ 150 ሺህ ሄክታር የሸንኮራ አገዳ እንደሚለማ ተናገሩ። በነሐሴ 1998 ጎርፉ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰው ገድሎ ነበርና ቃሉን በደስታ የሰማ አልጠፋም።

ያው ጎርፍ ግን ቀለብም ነበር። ውኃው ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ የወንዙ ዳር ሕዝቦች፣ ሙርሲ፣ ካራ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች፣ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ከብት ያለቀበት ዳሰነች መረቡን ይዞ ወደ ውኃው ይወርዳል። ዓሳውም የጎርፍ ልጅ ነው፦ ከገቢ ውኃው 90 በመቶ ያህሉን ከኦሞ የሚያገኘው የቱርካና ሐይቅ አንዳንድ ዓሦቹን ወንዙ ሲሞላ ሽቅብ ይልካል፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በወንዙ ነው።

በደቡብ ኦሞ መምከር አዲስ ነገር አይደለም። አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ተርተን የሙርሲ ሽማግሌዎች በአደባባይ እየተነሡ የሚናገሩበትን ሸንጎ ገና በ1960ዎቹ አጥንቷል። በጥር 1997 ደግሞ ከብዙ አገር የመጡ አርብቶ አደሮች በሐመር ምድር፣ ቱርሚ ላይ ተሰብስበው ተወያይተዋል። በሸንጎ የሚወሰነው ተናጋሪው ሁሉ ከተሰማ በኋላ ነው፤ እንደ ጂንካው ባለ መድረክ ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው የተወሰነው ነው። ለዓሳው ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ የመራቢያ ወቅቱን የሚያውቀው ሰው የሚቀመጠው ከአድማጮቹ ወገን ነውና።

በኦሞ ላይ የተሠራው የጊቤ ሦስት ግድብ በ2007 ውኃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ተመረቀ። በአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ ተጽፎ ነበር፤ የቀድሞው የየዓመቱ ጎርፍ ግን አልተመለሰም።

ዓሳ በወንዝ ላይ እንዴት እንደሚመካ ጣና ላይ ማየት ይቀላል። የሐይቁ ቢልጫዎች በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች እየወጡ ይራባሉ፤ አጥማጁም ይህን ስለሚያውቅ መረቡን በየወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል። ከ1983 እስከ 1993 ባለው ጊዜ የእነዚህ ወንዝ ወጪ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሰ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። የዓሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ሕዝብ በብዛት የወጣው ግን ሐይቁን ለወረረው አረም፣ ለእንቦጭ ነቀላ ነው፤ እንቦጭ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይነቀላል። የዓሳ መመናመን ፎቶ አይነሣም።

የችግኝ ተከላ ዘመቻው አረንጓዴ አሻራም የሚለካው በችግኝ ቁጥር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ችግኙ ወንዝ ዳር ቢተከል ደለል ይይዛል፣ ለውኃው ጥላ ይሰጣል። ጂንካ ይህን የምትሞክርበት ወንዝ ደጇ ላይ አለ፦ ነሪ ከተማዋን አልፎ ወደ ማጎ ፓርክ ይወርዳል፤ ውኃው በመጨረሻ ኦሞን ይቀላቀላል። ዳርቻው ላይ የቆመ ዛፍና ጅረቱ ውስጥ የሚጣል ቆሻሻ ከከተማው ርቆ ያለውን አጥማጅ ይነካሉ። የከተማ የጽዳት ስብሰባ ካራንና ዳሰነችን ሊጋብዝ የሚገባበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ምክክር ለዓሳ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማሳየት የአሜሪካው የክላማዝ ወንዝ ይጠቀሳል። በመስከረም 1995 በአስር ሺዎች የሚቆጠር የሳልሞን ዓሳ ሲያልቅ የወንዙ ነባር ሕዝቦች ዩሮክና ካሩክ ከስብሰባ ስብሰባ እየተመላለሱ ከሃያ ዓመት በላይ ተከራከሩ። አራት ግድቦች ፈርሰው በጥቅምት 2017 ሳልሞኑ ከፈረሱት ግድቦች በላይ ታየ። ኦሞ ላይ ነገሩ ግድብ ይፍረስ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩም ይፈለጋል። ሊጠየቅ የሚችለው ጥያቄ ጠባብ ነው፦ ጎርፉ በየትኛው ወር፣ ለስንት ቀን ይለቀቅ?

በቅርብ ዓመታት ደግሞ የቱርካና ሐይቅ ራሱ እየሰፋ የዳሰነችን መንደርና ግጦሽ ውጧል። ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቅሏል። በ2003 ጂንካ ላይ ስለ ጎርፍ መገታት የሰማ የዳሰነች ሰው ዛሬ ውኃው ከታች መጥቶበታል።