ለድንጋያማ የባሕር ዳርቻ የሚሆን ጫማ

አምና በታኅሣሥ ወር ከሁለት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ጋራ ወደ ጅቡቲ ወርደን ነበር። ሐሳባችን በዚያ ወራት ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣውን፥ ግዝፈቱ የሚያስፈራውን ነገር ግን ሰው የማይጐዳውን ዓሣ ነባሪ ሻርክ በዓይናችን ለማየት ነው። ዋናውን በቢሾፍቱ ሐይቆች ተለማምደናል፤ ገንዘቡንም ከደመወዛችን ስምንት ወር ቈጥበናል። ስለ ጫማ ግን ከሦስታችን አንዱም አላሰበም። እኔ የያዝሁት በክረምት ጭቃ የማደርገውን ኮንጎ ጫማ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ የባሕር ዳርቻ ሁሉ አሸዋ እንዳይመስልህ። ወደ ጉቤት በኩል ያለው ምድር እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጠርዙ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ይቈርጣል፤ ማዕበል የሚነካው ደግሞ አልጌ ለብሶ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሦስተኛውን እርምጃ ስራመድ ኮንጎው ከእግሬ ሾልኮ ወጣ። ሚዛኔን ለመጠበቅ ባዶ እግሬን ባሳርፈው ያረፈው በባሕር ጃርት ላይ ሆነ። እሾሁ ረጅም፥ ጥቁርና ተሰባሪ ስለ ሆነ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በማግሥቱ ጓደኞቼ በጀልባ ሄደው ሻርኩን አዩ፤ እኔ እግሬን በሙቅ ውሃ ስነክር ዋልሁ።

አንደኛው ጓደኛዬ «ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አላሸነፈም ወይ?» ብሎ ቀለደብኝ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው)። አሸንፏል፤ በ1964 ግን ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። በሮም ጐዳናም የባሕር ጃርት አልነበረም።

እኔ እንኳ ጭንብልና መቅዘፊያ ብቻ ነበር የያዝሁት። ጠላቂው ዐሥራ አምስት ኪሎ ያህል የሚመዝን የአየር ሲሊንደርና የእርሳስ መታጠቂያ ተሸክሞ ያንኑ ድንጋይ ይረግጣል። የእርሱ ቦት ጫማ የሚሠራው ኒዮፕሪን ከሚባል ሰው ሠራሽ ጐማ ነው። ጐማው በ1930 በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ ተገኘ፤ ለጠላቂ ልብስ እንዲውል ያደረገው ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ የነበረው ሂዩ ብራድነር ነው። በጐማው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ሙቀት እንዳያመልጥ ስለሚያግዱ፥ ልብሱ ውሃ ቢያስገባም ጠላቂው ቶሎ አይበርደውም።

ባለሱቁ መጀመሪያ የሚነግርህ 3፥ 5፥ 7 ሚሊሜትር እያለ ውፍረቱን ነው። ይህ ይበልጡን የብርድ ጉዳይ ነው። ለጅቡቲ ሙቅ ውሃ 3 ሚሊሜትር ይበቃል፤ እኔ ግን ቁርጭምጭሚትን ከድንጋይ ስለሚያድን 5ቱን እመርጣለሁ። ከዚያ ሁሉ በፊት ሶሉን ገልብጠህ እይ። አንድ እጅህን በጫማው ውስጥ ክተትና በሌላው አውራ ጣት ሶሉን ከሥር ጫነው። ጣትህ ከተሰማህ የድንጋዩም ጠርዝ ይሰማሃል። እንደ ካልሲ የሳሳው ለጀልባና ለአሸዋ ነው። ጥሩው ሶል ጥርስ ያለው ወፍራም ጐማ ሆኖ ከፊት ጣቶችን፥ ከኋላ ተረከዝን ጥቂት ወደ ላይ ያቅፋል። የእኛ በረባሶ በሶሉ ብርታት ከማንም አያንስም፤ ጉድለቱ ከላይ ባዶ መሆኑ ነው።

ታዲያ ሶሉ እንደ ወታደር ጫማ ሲደነድን መቅዘፊያው ውስጥ አልገባ ይላል። ስለዚህ መቅዘፊያህን ይዘህ ወደ ሱቅ ሂድ። እርሱም ተረከዙ ክፍት ሆኖ በጠፍር የሚታሰር ይሁን፤ ተረከዝ የሚሸፍነው ዓይነት ለባዶ እግር የተሠራ ነውና። ጫማው ጠበቅ ይበል፥ ጣቶችህ ግን ይንቀሳቀሱ። በጣቶችህ ስትቆም ተረከዝህ ከሶሉ ከተላቀቀ ሰፊ ነው፤ ውሃ ሲሞላው እንደ እኔ ኮንጎ ይከዳሃል። ከዚፑም ኋላ ቆዳ እንዳይላጥ የኒዮፕሪን መሸፈኛ ይኑረው።

ይህን ሁሉ አሟልቶ የገዛ ሰውም እንደ ልቡ አይርገጥ። የባሕር ጃርት እሾህ ኒዮፕሪንን ይበሳል፤ ድንጋይ መስሎ የሚተኛው የድንጋይ ዓሣ ደግሞ ጀርባው ላይ መርዘኛ እሾሆች አሉት። እርሱ ከወጋ እግርን ሳያቃጥል በሚቻል ሙቅ ውሃ፥ 45 ዲግሪ ገደማ፥ እየነከሩ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ሲገቡም ማዕበሉን ጥቂት ቁሞ መመልከት፥ ጋብ ሲል እግርን ሳያነሡ በዳበሳ መራመድ፥ ውሃው ደረት ሲደርስ መቅዘፊያውን ማጥለቅ ይገባል።

እኔ የእግሬን ልክ በወረቀት ሥዬ፥ መቅዘፊያዬንም አስይዤ ከውጭ አገር በሚመላለስ ዘመዴ እጅ 5 ሚሊሜትሩን አስመጣሁ። ፀሐይ ጐማውን ስለሚጐዳው በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ በጥላ አሰጣዋለሁ። እስካሁን የሞከርሁት በቢሾፍቱ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ከጓሮ ሰቅዬው እናቴ አገላብጣ አየችውና «ለዋና ነው ያልኸኝ? በክረምት ለጭቃ ብታውሰኝስ» አለችኝ።