የሰፈር ፖድካስት እንዴት ይሠራል?

ቅዳሜ ጠዋት ስልክዎ «አዲስ ክፍል ወጥቷል» ብሎ ሲያበራ ፋይሉን የላከልዎ ሰው የለም። ሬዲዮ ቢሆን ከማማ የተለቀቀ ሞገድ ነው፤ ቴሌግራም ቢሆን የቻናሉ ባለቤት ለጥፎት ነው። ፖድካስት ግን ተጠይቆ የሚመጣ ነገር ነው። ስልክዎ ላይ ያለው መተግበሪያ በየጊዜው ብቅ እያለ «ካለፈው ወዲህ የተጨመረ አለ?» ይላል፤ ካለ ያወርዳል፣ ከሌለ ዝም ብሎ ይመለሳል። ሥራው በሙሉ የቆመው በዚህ ጥያቄና መልስ ላይ ነው። ዩቲዩብ ላይ የምናያቸው የቆዳ ወንበሮችና የኒዮን መብራቶች ኋላ የመጡ ጌጦች ናቸው።

የሚጠየቀው ፊድ የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። የእድር ጸሐፊ ደብተር አድርገው ያስቡት፦ በየመስመሩ ቀን፣ ርእስ፣ አጭር መግለጫ፣ መጨረሻ ላይ የድምፅ ፋይሉ የተቀመጠበት አድራሻ አለ። አዲስ ክፍል ሲወጣ አንድ መስመር ይጨመራል፤ በቃ። ድምፁ ራሱ ደብተሩ ውስጥ የለም፤ ያለው የት እንደሚገኝ የሚናገር አድራሻ ነው።

ይህ ዝርዝር መጀመሪያ የተሠራው ለድምፅ አልነበረም። አርኤስኤስ የሚባለው አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1999 ከኔትስኬፕ ሲወጣ ዓላማው በየድረ ገጹ የወጣውን አዲስ ጽሑፍ ለአንባቢ ማሳወቅ ነበር፤ ብሎገሮች ወዲያው ወደዱት። ከዚያ በ2000 እና በ2001 መባቻ ዴቭ ዋይነር የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር በእያንዳንዱ መስመር ላይ የድምፅ ፋይል አድራሻ የሚይዝ ቦታ ጨመረበት። በ2004 የቀድሞው የኤምቲቪ አቅራቢ አዳም ከሪ ፋይሉን አውርዶ በቀጥታ አይፖድ ውስጥ የሚያስገባ ፕሮግራም ይዞ መጣ፤ በሰኔ 2005 ደግሞ አፕል ነገሩን አይቲዩንስ ውስጥ አስገባው። ስለዚህ ፖድካስት ማለት፣ ከሥሩ ሲታይ፣ ድምፅ የተያያዘበት ብሎግ ነው። የሰፈሩን ጉዳይ የሚጽፈው ጦማሪና የሰፈሩን ሽማግሌ የምትቀዳው ጎረቤቱ የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ደብተር ነው።

ለአንድ ሰፈር ይህ ምን ይፈይዳል? በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ለዓመታት በአንድ ግቢ ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ሰዎች ወደ ተለያዩ የከተማዋ ዳር መንደሮች ተበተኑ። ኤፍኤም ሬዲዮ ለእነዚህ ሰዎች የራሳቸው ፕሮግራም አይኖረውም፤ ሞገድ ውድ ነው፣ ሰዓቱም ማስታወቂያ ሊሸጥበት ይገባል። ፊድ ግን አድማጭ ሦስት መቶ ይሁን ሦስት ሚሊዮን ግድ አይሰጠውም፣ አድማጩ የት እንደሚኖርም አይጠይቅም። ዳር ሰፈር የሄደውም፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጁም፣ ቤሩት የምትሠራው የጎረቤቱ ልጅም ያንኑ አድራሻ ነው የሚጠይቁት። በእኔ ግምት የሰፈር ፖድካስት ትልቁ ጥቅም ለሚኖሩበት ሰዎች ሳይሆን ከሰፈሩ ለሄዱት ነው።

ታዲያ ለምን ዩቲዩብ ወይም ቴሌግራም ብቻ አይበቃም? ለብዙዎቻችን ፖድካስት ማለት ዩቲዩብ ላይ የተለጠፈ ረጅም ቃለ መጠይቅ ሆኗል፤ ያም ክፋት የለውም፣ አድማጩ ያለው እዚያ ነውና። ቴሌግራምም እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ያለ ክፍያ ስለሚያስተላልፍ ለእኛ ኪስ ተስማሚ ነው። ልዩነቱ የሚታየው አንድ ቀን ችግር ሲመጣ ነው። ዩቲዩብ ቻናሉን ቢዘጋው ተከታዮቹ አብረው ይጠፋሉ፤ ዝርዝራቸው በእርስዎ እጅ አልነበረምና። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2024 የራሱን የፖድካስት መተግበሪያ ሲዘጋ ግን አድማጮች የሚከታተሏቸውን ፊዶች አድራሻ በአንድ ፋይል አውጥተው ወደ ሌላ መተግበሪያ ወሰዱ፤ አዘጋጆቹ ምንም ማድረግ አላስፈለጋቸውም። ፊዱና ድምፁ የተቀመጡበትን ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩን፣ መቀየር ቢያስፈልግም አሮጌው አድራሻ «ወደዚህ ተዛውረናል» የሚል መልስ እንዲሰጥ ይደረጋል፤ መተግበሪያዎቹም ተከትለው ይሄዳሉ፣ አድማጩ አንድ ቁልፍ ሳይነካ።

ፊድ ተአምር አይደለም። ሰርቨሩ ከታገደ ፊዱም ይታገዳል። ይህን የአገራችን ብሎገሮች በደንብ ያውቁታል፦ ብሎግስፖት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለዓመታት ታግዶ ነበር፤ ከ200 በላይ ድረ ገጾችና ብሎጎች የተከፈቱት በሰኔ 2010 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አስተዋይ አዘጋጅ ፊዱን ዋና ቤቱ ያደርግና ቴሌግራሙንም ዩቲዩቡንም እንደ መስኮት ይጠቀምባቸዋል።

አሁን ወደ ድምፁ። አድማጭ ደብዛዛ ቪዲዮ ይታገሣል፤ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን በሦስተኛው ደቂቃ ጥሎ ይሄዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ድምፅ ከአፍ ወጥቶ ማይኩ ጋ በሁለት መንገድ ይደርሳል፤ አንዱ ቀጥታ፣ ሌላው ግድግዳና ጣሪያ ነክቶ። ማይኩን ከአፍ በእጥፍ ባራቁት ቁጥር ቀጥታ የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ከግድግዳ የሚመለሰው ግን ያው ነው። ጠረጴዛ መሀል የተቀመጠ ስልክ ዋሻ ውስጥ የተቀዳ የሚመስለው ለዚህ ነው። ስልኩ ርካሽ ስለሆነ አይደለም፤ ስለራቀ ነው። ከአፍ አንድ ስንዝር ቢያቀርቡት፣ ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ቢያደርጉት፣ ብዙ ገንዘብ ከወጣበት ነገር ግን ከራቀ ማይክ የተሻለ ይቀዳል።

የእኛ ሳሎኖች ለቀረጻ ጠላት ናቸው፦ የብሎኬት ግድግዳ፣ የሊሾ ወለል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ጠንካራ ነገር ሁሉ ድምፅ ይመልሳል፤ ለስላሳና ወፍራም ነገር ይውጣል። ስለዚህ የቤቱ ምርጥ ስቱዲዮ ብዙ ጊዜ መኝታ ቤቱ ነው፤ ፍራሽ አለ፣ መጋረጃ አለ፣ በሩ የተከፈተ ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን አለ። ከተናጋሪው ጀርባና ፊት ለፊት ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መስቀል የባለሙያ ስፖንጅ የሚሠራውን አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ፍሪጅ ይነቀላል፤ ሲጨርሱ መሰካቱን እንዳይረሱ የቤት ቁልፍዎን ውስጡ ያስቀምጡ (ሥጋ የተበላሸበት ሰው ምክሩን አይንቅም)። በክረምት ከሰዓት በኋላ መቅዳት አይሞከርም፤ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ የሚወጣው ድምፅ የሰውን ንግግር ስለሚሸፍነው በኋላ የትኛውም ፕሮግራም በንጽሕና አይለየውም። አዛን ወይም ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ሲጀምርም ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። እንግዳውም ሻይ ይጠጣል።

ሁለት ሰዎች ከሆኑ ሁለት ስልክ ይያዝ፣ ለየአፉ አንድ። ሁለቱም መቅዳት ከጀመሩ በኋላ አንድ ጊዜ በኃይል ያጨብጭቡ፤ ያ ጭብጨባ በሁለቱም ፋይሎች ላይ እንደ ሹል ተራራ ስለሚታይ ሁለቱን እዚያ ላይ ማጋጠም ነው። የስልኮች የውስጥ ሰዓት ፍጹም እኩል ስላልሆነ በረጅም ቅጂ ጥቂት ይዛነፋሉ፤ ስለዚህ መጨረሻም ላይ ያጨብጭቡ። ከዚያ ለአሥር ሰከንድ ያህል ማንም ሳይናገር የክፍሉን ዝምታ ይቅዱ። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያንን ዝምታ ናሙና አድርጎ ወስዶ ከንግግሩ ሥር ያለውን እንዝዝታ ይቀንሳል። በልክ ይሁን፤ አብዝተው ካጸዱት ሰውየው ውሃ ውስጥ የሚናገር ይመስላል።

ቀጥሎ የፋይሉ ክብደት። በሲዲ ጥራት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ 635 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ በየሰከንዱ 44,100 ናሙና፣ ለእያንዳንዱ 16 ቢት፣ በሁለት ቻናል። ኤምፒ3 ይህን የሚቀንሰው ጆሮ የማይሰማውን በመጣል ነው፦ ጠንከር ያለ ድምፅ ሲሰማ በአቅራቢያው ያለ ደካማ ድምፅ ይሸፈናል፣ ስለዚህ ቢጣል ማንም አያውቅም። ለንግግር ብቻ ሲሆን ሁለት ቻናልም አያስፈልግም። በአንድ ቻናል (በሞኖ)፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ቢያወጡት ያ ሰዓት ወደ 29 ሜጋባይት ይወርዳል። ያው ወሬ በቪዲዮ ቢሆን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላ ነበር። የዳታው ዋጋ የሚወጣው ከአድማጩ ፓኬጅ ስለሆነ ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በሌላ ሰው ገንዘብ ላይ የሚደረግ ውሳኔ ነው። በበኩሌ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲያወሩ ብቻ ለሚታይበት ቪዲዮ የጡረተኛ እናትን ፓኬጅ መጨረስ ነውር ይመስለኛል።

ስንት ሰው ሰማው? እዚህ ላይ ብዙ አዘጋጅ ራሱን ያታልላል፣ ወይም ያለ ምክንያት ያዝናል። ሰርቨሩ የሚቆጥረው ፋይሉ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ እንጂ ስንት ሰው እንዳዳመጠ አይደለም። አውርዶ ያልሰማም ይቆጠራል። በተቃራኒው በሞባይል ኔትወርክ ላይ ብዙ ስልኮች በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ስለሚወጡ እንደ አንድ ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ አንድ ሰው አውርዶ በብሉቱዝ ለጎረቤቱ ያቀበለው ደግሞ ከነጭራሹ አይታይም። ለሰፈር ፕሮግራም ከቁጥሩ ይልቅ ለቅሶ ቤት ስለ ክፍሉ ሲወራ መስማት የተሻለ መለኪያ ነው።

አንድ ከባድ ጉዳይ ይቀራል። አንድን መስመር ከፊዱ መሰረዝ ክፍሉን ካወረዱት ስልኮች ላይ አያጠፋውም። ስልኮቹ የራሳቸው ቅጂ አላቸው፤ ከዚያም በቴሌግራም ይዞራል። የእድር ገንዘብ ጭቅጭቅ፣ የውርስ ክርክር፣ የሰው ልጅ ነገር፣ በሰፈር ደረጃ ሁሉም የሚተዋወቅ በመሆኑ ስም ባይጠራም ይታወቃል። ስለዚህ ክፍሉ ከመውጣቱ በፊት እንግዳው የተቆረጠውን ቅጂ ይስማ፤ «ይህ ይቅርብኝ» ያለው ይቅርለት። ሕጉም አለ፦ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ በተሠራጨ ሐሰተኛ መረጃ ላይ ቅጣቱን ያከብዳል። ከዚያ ቁጥር በታች ለሆነም «እኛ ትንሽ ነን» ማለት አያድንም፤ የሚቀለው ቅጣቱ እንጂ ጥፋቱ አይደለም።

ለመጀመር ካሰቡ ከማይክ በፊት ወረቀት ያዘጋጁ። ብዙ የሰፈርና የማኅበር ገጾች የሚሞቱት በገንዘብ እጥረት አይደለም፤ ሁሉን ነገር በራሱ ኢሜይል የከፈተው ወጣት ውጭ አገር ሲሄድ ፓስወርዱ አብሮት ስለሚሄድ ነው። የፊዱን አድራሻና የሰርቨሩን ሒሳብ በማኅበሩ ኢሜይል ይክፈቱ፣ ፓስወርዱን ሁለት ሰዎች ይያዙት፣ ዋናዎቹን የድምፅ ፋይሎች በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። የመጀመሪያውን ክፍል ደግሞ ከሰፈሩ በዕድሜ ከሁሉም ከሚበልጡት ሰው ጋር ይቅዱ፤ እሳቸውን ለከርሞ አያሳድሯቸው።