የሎንዶን ካውንቲ ምክር ቤት ምርጫና የፖለቲካ ወገኖች

የአንድ አካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ወሬ በተሰማ ጊዜ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ ግብሩ ይጨመር ወይም ይቀነስ እንደ ሆነ፣ መንገዱና ድልድዩም ይሠራ ወይም ይቆይ እንደ ሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መልሱ የሚገኘው ከተመራጩ ሰው ስምና ጠባይ ብቻ ሳይሆን፣ ተመራጩ ከተሰለፈበት የፖለቲካ ወገን ጭምር ነው። ይህንንም ለመረዳት ከ1889 እስከ 1965 ዓ.ም. ጸንቶ የቆየው የሎንዶን ካውንቲ ምክር ቤት ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምክር ቤቱና የገንዘቡ ምንጭ

ካውንቲ ማለት በእንግሊዝ አገር በራሱ ምክር ቤት የሚተዳደር፣ በኢትዮጵያ ቀድሞ አውራጃ ይባል የነበረውን የሚመስል ክፍል ነው። የሎንዶን ከተማ ግን እስከ 1889 ዓ.ም. ድረስ ሕዝቡ በቀጥታ የመረጠው አንድ ጠቅላላ ምክር ቤት አልነበራትም። ከ1855 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሳሽ መውረጃውንና የመንገዱን ሥራ ይመራ የነበረው ቦርድ አባሎቹ የሚላኩለት ከየአጥቢያው ጉባኤ ሲሆን፣ በመጨረሻው ዘመኑ በገንዘብ አያያዙ ምክንያት ብዙ ነቀፋ ደረሰበት። በ1888 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት ቦርዱ ቀርቶ፣ ሕዝቡ በየሦስት ዓመቱ የሚመርጣቸው 118 አባሎች ያሉት ምክር ቤት ተቋቋመ። አባሎቹም ደግሞ በበኩላቸው አልደርመን የሚባሉ 19 ሰዎች መርጠው ይጨምሩ ነበር።

ምክር ቤቱ የፍሳሽ ቦዮችን፣ ድልድዮችን፣ የእሳት አደጋ መከላከያን፣ ኋላም ትራሞችን፣ የሠራተኛ ቤቶችንና ከ1904 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶችን ያስተዳድር ነበር። ለዚህ ሁሉ ወጪ ከሚሆነው ገንዘብ ብዙው የሚገኘው ሬት ከሚባለው የአካባቢ ግብር ነበር። ይህ ግብር የሚታሰበው በነጋዴው ትርፍ ላይ ሳይሆን፣ በያዘው ቤት የዓመት ኪራይ ግምት ላይ ነው። ለምሳሌ የአንድ ሱቅ ግምት በዓመት 100 ፓውንድ ቢሆንና ግብሩ በፓውንድ አንድ ሽልንግ ቢጨመር፣ ባለሱቁ በዓመት 100 ሽልንግ፣ ማለት በጊዜው ሒሳብ 5 ፓውንድ ጨምሮ ይከፍላል። ገበያው ቢቀዘቅዝም፣ ዕቃው ሳይሸጥ ቢቀርም፣ ግብሩ አይቀርለትም።

ድምፅ የመስጠት መብትም ከዚሁ ግብር ጋር የተሳሰረ ነበር። ቤት፣ ሱቅ ወይም መጋዘን ይዞ ግብር የሚከፍል ሰው መራጭ ነበር፤ በስማቸው ግብር የሚከፍሉ ሴቶችም ይመርጡ ነበር። ስለዚህ የካውንቲው ምርጫ ከመነሻው የከፋዮች ምርጫ ነበር ማለት ይቻላል።

ወገኖች ወደ ምክር ቤቱ እንዴት ገቡ

በመጀመሪያ ብዙ ሰዎች የፍሳሽና የመንገድ ሥራ ከፖለቲካ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም ይሉ ነበር። በጥር ወር 1889 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫም ዕጩዎቹ በሊበራል ወይም በኮንሰርቫቲቭ ስም አልቀረቡም። ነገር ግን ወዲያው ሁለት ወገኖች ተለዩ። ምክር ቤቱ ብዙ ሥራ እንዲሠራ የሚሹት፣ ማለት ሊበራሎችና ከእነርሱ ጋር የቆሙ የሠራተኛ መሪዎች፣ ፕሮግሬሲቭ ተባሉ። ወጪው እንዲቆጠብ የሚሹትና አብዛኛዎቹ ከኮንሰርቫቲቭ ወገን የሆኑት ደግሞ ሞደሬት ተባሉ። ፕሮግሬሲቮች ብልጫ ስላገኙ፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሎርድ ሮዝበሪ የምክር ቤቱ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በ1895ና በ1900 ዓ.ም. በተደረጉት የፓርላማ ምርጫዎች የሎንዶንን አብዛኛውን ወንበር የያዙት ኮንሰርቫቲቮች ነበሩ። በካውንቲው ምክር ቤት ግን በ1895 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች 59 ለ59 እኩል ሆኑ፤ በ1898ና በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ፕሮግሬሲቮች በግልጽ አሸነፉ። ይህም ሎንዶን ለመንግሥት ጉዳይ ወደ አንዱ፣ ለከተማው ሥራ ወደ ሌላው ታደላ እንደ ነበር ያሳያል።

የ1907 ዓ.ም. ምርጫ

ይህ ሁኔታ የተለወጠው ግብሩ በከበደ ጊዜ ነው። ፕሮግሬሲቮች የትራም መሥመሮችን ገዝተው በኤሌክትሪክ እንዲሄዱ አደረጉ፤ በ1905 ዓ.ም. ደግሞ በቴምዝ ወንዝ ላይ ሕዝብ የሚያመላልሱ የእንፋሎት ጀልባዎች አቋቋሙ። ትራሙ ብዙ ተጠቃሚ ሲያገኝ፣ ጀልባዎቹ ግን ኪሣራ አመጡ። ተቃዋሚዎቹ ስማቸውን ለውጠው የማዘጋጃ ቤት ማሻሻያ ፓርቲ ተባሉና፣ ግብር ከፋዩን አሰባስበው ዘመቻ ጀመሩ። በየግድግዳው ከተለጠፉት ሥዕሎች መካከል በጣም የታወቀው፣ ጣቱን ቀስሮ የግብር ከፋዩን ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚያሳየው ነበር።

በመጋቢት ወር 1907 ዓ.ም. ከመራጩ ከግማሽ በላይ የሆነው ወጥቶ ድምፁን ሰጠ። ማሻሻያዎቹ ከ118 ወንበሮች 79 ያዙ፤ ለፕሮግሬሲቮች የቀረላቸው 38 ብቻ ነበር። ጀልባዎቹም በዚያው ዓመት ሥራቸውን አቆሙ። ነገር ግን አዲሶቹ ገዥዎች ትራሙን አልዘጉትም፤ ራሳቸው እያስተዳደሩ አቆዩት። ከዚህ እንደሚታየው ምርጫ የሚያከስረውን ሥራ ሊያስቆም ይችላል፤ ሕዝብ የለመደውንና የሚገለገልበትን ግን በቀላሉ አያነሣም።

በፖለቲካው በኩል ያስከተለው ውጤት ከዚህ የከበደ ነበር። ማሻሻያዎቹ 27 ዓመት ሙሉ በሥልጣን ሲቆዩ፣ ፕሮግሬሲቮች ከጊዜ በኋላ እየመነመኑ ሄዱ። እነርሱ የለቀቁትን ስፍራ የያዘው ሌበር የተባለው የሠራተኞች ፓርቲ ነው።

የ1934 ዓ.ም. ምርጫ

የሎንዶንን ሌበር ፓርቲ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ በጸሐፊነት ያደራጁት ኸርበርት ሞሪሰን ናቸው። እኚህ ሰው የፖሊስ ልጅ ሲሆኑ፣ በወጣትነታቸው በሱቅ ውስጥ ተቀጥረው ሠርተዋል። ፓርቲያቸው በፋብሪካ ሠራተኛ ብቻ እንደማያሸንፍ ተረድተው፣ የቢሮ ጸሐፊዎችንና አነስተኛ ኑሮ ያላቸውን ሌሎች ሰዎች ጭምር ለማግኘት ደከሙ። በመጋቢት ወር 1934 ዓ.ም. ሌበር 69፣ ማሻሻያዎቹ 55 ወንበር አገኙ። ሊበራሎች ግን አንድም ወንበር ሳይቀርላቸው ወጡ።

በዚህ ምርጫ ድምፅ የሰጠው ከመራጩ አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነበር። በ1907 ዓ.ም. ስለ ግብሩ ተቆጥቶ የወጣው ከፋይ በ1934 ዓ.ም. አብዛኛው ከቤቱ አልወጣም፤ በደንብ የተደራጀው ወገን ግን ደጋፊዎቹን አስወጣ። የከተማዪቱም በጀት በዚያ ቀን እጅ ለወጠ።

አዲሱ ምክር ቤት ብዙ ጊዜ ሲያከራክር የነበረውን የዋተርሉ ድልድይ ጉዳይ ወዲያው አነሣ። ለሥራው ገንዘብ እንዲበደር ፓርላማው ባይፈቅድለትም፣ ከግብሩ እየከፈለ አሮጌውን ድልድይ ማፍረስ ጀመረ። በ1935 ዓ.ም. ደግሞ በከተማዪቱ ዙሪያ ያለው መሬት ሳይገነባበት እንዲቆይ፣ ለአጎራባች ምክር ቤቶች መሬት መግዣ እስከ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ርዳታ ለመስጠት ወሰነ። በ1937 ዓ.ም. ሌበር 75 ለ49 በሆነ ብልጫ እንደገና ተመረጠ። ከጦርነቱም በኋላ በ1945 ዓ.ም. ፓርቲው የአገሩን መንግሥት ሲይዝ፣ ሞሪሰን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክትል ሆኑ። ሌበር ማስተዳደር አይችልም ለሚሉት ሰዎች ፓርቲው የሎንዶንን ሥራ እንደ ማስረጃ ያቀርብ ነበር።

የምክር ቤቱም ልማድ ተለወጠ። የአንድ ወገን አባሎች ከስብሰባው በፊት ለብቻቸው ተነጋግረው ይወስናሉ፤ በስብሰባው ላይ በአንድ ድምፅ ይቆማሉ። ስለዚህ አቤቱታ ያለው ነጋዴ በአደባባዩ ክርክር ቀን ቢደርስ፣ ነገሩ አስቀድሞ ተቈርጦ ያገኘዋል። ኮንሰርቫቲቮችም ከጦርነቱ በኋላ የማሻሻያን ስም ትተው በገዛ ስማቸው ቀረቡ። በ1949 ዓ.ም. ሁለቱ ፓርቲዎች 64 ለ64 እኩል ሲሆኑ፣ አንድ ሊበራል በመካከል ቆመ፤ ሌበር ሥልጣኑን ያቆየው በአልደርመኖቹ ብልጫ ነበር።

ከፋዩና መራጩ ሲለያዩ

በ1965 ዓ.ም. የካውንቲው ምክር ቤት ቀርቶ የታላቋ ሎንዶን ምክር ቤት ተተካ፤ እርሱም በ1986 ዓ.ም. ተሻረ። ነጋዴውን በይበልጥ የሚመለከተው ለውጥ ግን ሌላ ነው። በ1945 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ለፓርላማ የሚመርጥ ሁሉ ለአካባቢው ምክር ቤትም እንዲመርጥ ተፈቀደ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ በንግድ ቤት ብቻ ይገኝ የነበረው የመምረጥ መብት፣ ሲቲ ከሚባለው ከሎንዶን ጥንታዊ የንግድ ሰፈር በቀር፣ ቀረ። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህም በእንግሊዝ የንግድ ቤቶች ግብር መጠን የሚወሰነው በማዕከላዊው መንግሥት ነው። ባለሱቁ ዛሬ ለምክር ቤት የሚመርጠው እንደ ማንኛውም ነዋሪ በመኖሪያው እንጂ በሱቁ አይደለም።

ከዚህ ታሪክ ነጋዴ የሚያገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የአካባቢ ምርጫ ትንሽ ነገር መስሎ ቢታይም፣ በግብር ጉዳይ የተነሣ አንድን አሮጌ ወገን ሊያጠፋ፣ አዲሱንም እስከ መንግሥት ሥልጣን ሊያደርስ ይችላል። ድምፅ ያለው ነጋዴ በምርጫው ቀን መውጣት ይገባዋል። በሱቁ ድምፅ የሌለው ደግሞ ጉዳዩን በማኅበሩና በንግድ ምክር ቤቱ አማካይነት፣ ወገኖቹ ዕቅዳቸውን ከመቊረጣቸው በፊት፣ አስቀድሞ ማቅረብ ይኖርበታል። በጀቱ ከጸደቀ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ዕቃው ከተጫነ በኋላ እንደሚቀርብ የዋጋ ክርክር ነው።