ተገልብጦ መነሣት፦ ካያክ በሚፈስ ውኃ ላይ

ካያክ የተባለው ጀልባ ሲገለበጥ ቀዛፊውም አብሮ ይገለበጣል። የጣና ታንኳ ቢገለበጥ የተሳፈረበት ሰው በጎን ይወድቃል፤ ካያክ ቀዛፊ ግን እግሩን ወደ ውስጥ ዘርግቶ፣ ወገቡ ላይ ውኃ በማያስገባ ሽፋን ከጀልባው ጋር ተያይዞ ስለሚቀመጥ ቁልቁል ይንጠለጠላል። በግሪንላንድ በረዷማ ባሕር ላይ ከጀልባ መውጣት ሞት ማለት ስለነበር፣ በካያክ የሚያድኑት የአገሩ ሰዎች ሳይወጡ በመቅዘፊያ ተሽከርክሮ የመነሣትን ብልሃት አበጁ። ኦስትሪያዊው ኤዲ ሃንስ ፓውላታ ስለ እነሱ የተጻፈውን አንብቦ በ1927 እ.ኤ.አ. ብልሃቱን ራሱን አስተማረ። ዛሬ በመዋኛ ገንዳ ብዙዎች ይማሩታል። በገንዳ የተሳካለት ሰው ወንዝ ላይ ለምን ያቅተዋል? ጉዳዩ ከጉልበት ይልቅ የጥድፊያ ይመስለኛል።

ጀልባውን የሚያቃናው ዳሌ እንጂ ክንድ አይደለም። መቅዘፊያው የውኃውን ገጽ ጠርጎ ሲያልፍ ለሰውነት የአፍታ ድጋፍ ይሰጣል፤ በዚያች አፍታ ዳሌ ጀልባውን ይመልሳል፣ ደረት ይከተላል፣ ጭንቅላት በመጨረሻ ይወጣል። ጭንቅላት ውኃ ውስጥ ሳለ ውኃው ይሸከመዋል። ቀድሞ ከወጣ ግን ክብደቱን የሚያነሣው ኃይል ጀልባውን መልሶ ይገለብጠዋል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያነሣው ጭንቅላቱን ነው። በግሪንላንድ የካያክ ውድድር ያለ መቅዘፊያ፣ እንዲያውም ድንጋይ በእጅ ጨብጦ መነሣት ከፈተናዎቹ አንዱ ነው። ነገሩ የክንድ ኃይል ቢሆን ኖሮ ይህ ባልተቻለ ነበር።

ወንዝ እንደ ገንዳ አይደለም የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ሆኖም ከወራጁ ጋር አብሮ ለሚሄድ ጀልባ ዙሪያው ያለው ውኃ የቆመ ያህል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ሁለት ተቃራኒ ፍሰቶች በሚገናኙበት፣ ወይም ውኃው ድንጋይ ዘሎ ወደ ኋላ በሚጠቀለልበት ቦታ ነው። እዚያ የሚያዋጣው በቁልቁለቱ በኩል መነሣት ነው፤ በሌላው በኩል የሚሞክር ከወንዙ ጋር ይታገላል። አረፋ የበዛበት ውኃም መቅዘፊያን በደንብ ስለማይደግፍ ጥቂት መታገሥ ይጠይቃል። ሁሉም ቦታ መፍትሔው አንድ ነው፦ ወደ ፊት ታጥፎ ፊትን ከድንጋይ መከለል፣ መቅዘፊያውን ገጽ ላይ ማድረስ፣ ከዚያ ብቻ መጀመር።

ሽፋኑን ገፍፎ መዋኘት አይቀልም ወይ? መውጣትን መማር ይቀድማል፤ ጥልቀት በሌለው ወይም ግንድ ባገደው ውኃ ምርጫው እሱ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በኃይለኛ ወራጅ ውስጥ ለመቆም የሚሞክር ዋናተኛ እግሩ በድንጋይ መሐል ሊያዝበት ይችላል፤ ጀልባውንም ያጣል። አለመገልበጥን መልመድ ይሻላል የሚሉም ትክክል ናቸው፤ ግን ሊገለበጥ ያዘመመን ጀልባ የሚያቃናው ያው የዳሌ እንቅስቃሴ ነው፤ አንዱን የተማረ ለሌላውም ይቀርባል። ስለዚህ ልምምዱ በሁለቱም ጎን፣ ቀጥሎ መቅዘፊያው ካለቦታው ሆኖ፣ በመጨረሻም ጥልቅና ከበታቹ ጸጥ ያለ ውኃ ባለበት ወራጅ ላይ ደረጃ በደረጃ ቢሆን ይመረጣል። የቀዛፊው አስተማማኝነት የሚታወቀው የመጀመሪያው ሙከራ ሲከሽፍ ነው፤ የተካነው ከግማሽ አይቀጥልም፣ ታጥፎ እንደገና ከመነሻው ይጀምራል።