ሜዳው የራቀበት ዘጋቢ፦ የክልል ከተማ ስፖርት ጋዜጠኛ የመጀመሪያ ወራት

በኢትዮጵያ የክልል ከተሞች በአንዱ የስፖርት ዘጋቢ ሆኖ የሚቀጠር ወጣት ሥራውን የሚጀምረው እንግዳ በሆነ ሁኔታ ውስጥ ነው። የሚዘግበው ክለብ በከተማው አለ፤ ጨዋታው ግን አብዛኛውን ጊዜ በከተማው የለም።

የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በሱፐርስፖርት በቀጥታ መተላለፍ የጀመሩት በ2013 ዓ.ም የውድድር ዘመን ሲሆን፣ ክለቦችም በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው መወዳደር ጀመሩ። በዚያ ዓመት ውድድሩ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተዘዋውሯል።

ዋናው ብሔራዊ ቡድንም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ያወጣውን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም በመታጣቱ፣ ዋልያዎቹ በሰኔ 2014 ዓ.ም ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ በባለሜዳነት የተጫወቱት በማላዊ ሊሎንግዌ ነበር።

በቀድሞው ዘመን ዘጋቢው የአድማጩ ዐይን ነበር። ኢትዮጵያ በ1980 ዓ.ም ዚምባብዌን በመለያ ምት ረትታ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ፣ ያንን ቀን ብዙዎች የሚያስታውሱት በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። ዛሬ ግን አድማጩ ግቡን ከዘጋቢው እኩል፣ አንዳንዴም ቀድሞ፣ በቴሌቪዥን አይቶታል። ማን በስንተኛው ደቂቃ እንዳስቆጠረ መድገም ብቻውን እንደ ዜና አይቆጠርም።

ታዲያ ለአዲሱ ዘጋቢ ምን ቀረለት? ካሜራ የማይደርስበት ሁሉ። የማለዳ ልምምድ፣ የታዳጊዎች ቡድን፣ የሴቶች ውድድር፣ ተመልካቹ በሣር ላይ ተቀምጦ የሚከታተለው የታችኛው እርከን ጨዋታ። እዚያ የሚሆነውን ዘጋቢው ካልጻፈው የሚጽፈው ሌላ የለም፤ የጻፈውንም ስህተት የሚያርምለት ምስል የለም።

በመሆኑም መጀመሪያ የሚማረው ስምን ነው። ለውጭ መገናኛ ብዙኃን “ገብረሥላሴ” የሆነው ሯጭ በአገሩ ኃይሌ ነው፤ በኢትዮጵያ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነውና። በአንድ ቡድን ውስጥ ግን ስማቸው አንድ የሆነ ሁለትና ሦስት ተጫዋቾች መገኘታቸው የተለመደ ነው። የአባት ስም ካልተጠየቀ ግቡ ላላገባው ይጻፋል፤ ላላገባው ልጅ እናትም ጎረቤት እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት ይመጣል። ስለዚህ ዘጋቢው ከጨዋታው በፊት የአሰላለፍ ዝርዝሩን ከዳኞቹ ወይም ከቡድን መሪዎቹ ወስዶ መለያ ቁጥሩን ከስሙ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። ሰዓቱም ጥንቃቄ ይሻል፤ በግሪንዊች አቆጣጠር 13 ሰዓት ተብሎ የተላከ መርሐ ግብር ለአድማጩ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው።

ይህ ሁሉ በጥቂት ወራት የሚለመድ ነው። ከባዱ ገንዘብ ነው።

በኢትዮጵያ በርካታ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮች በጀት ነው። የክልል መገናኛ ብዙኃንም በአመዛኙ የመንግሥት ናቸው። የአጥቂውም የዘጋቢውም ደመወዝ የሚወጣው ከሕዝብ ካዝና ነው ማለት ይቻላል፤ ክለቡን በቦርድ የሚመሩት ሹማምንት ለጣቢያውም ሩቅ አይደሉም። በግል የኤፍኤም ጣቢያዎች ደግሞ የአየር ሰዓት ገዝተው የሚሠሩ አዘጋጆች በስፖንሰር ስለሚተዳደሩ፣ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ማውራት ስለ ከተማው ክለብ ከማውራት ይልቅ ያዋጣቸዋል። የሚያስቀይሙትም ሰው የለም።

ክለቡ ሩቅ ከተማ ለውድድር ሲሄድ የዘጋቢው መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ የጉዞ ወጪ አይችልም። ያን ጊዜ ቡድን መሪው በአውቶቡሱ ላይ ቦታ አለ ይላል፤ አንዳንዴም አልጋና ውሎ አበል ይጨመርበታል። ግብዣው በቅንነት የቀረበ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ተጫዋቾች ደመወዝ ሳይከፈላቸው ወራት ሲያልፉ፣ በአውቶቡሱ የተሳፈረው ዘጋቢ አፉን ሞልቶ ለመናገር ይቸግረዋል። ቢናገር የበላበትን ወጪት ሰባሪ ይባላል፤ ዝም ቢል ደግሞ ልምምድ ላይ አብሮት የሚውለው ተጫዋች የቤት ኪራይ መክፈል እንዳቃተው ያውቃል።

የደመወዝ መዘግየት በአገሪቱ እግር ኳስ አዲስ ነገር አይደለም። ተጫዋቾች ልምምድ ማቆማቸውና አቤቱታ ይዘው ወደ ፌዴሬሽኑ መሄዳቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። እንዲህ ያለውን ዜና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ዘጋቢ ወሬ ብቻ ይዞ አይነሳም። ውሉን ያያል፤ የስንት ወር እንደሆነ ከአንድ ሳይሆን ከብዙ ተጫዋቾች ይጠይቃል፤ ስማቸው እንዳይገለጥ ከፈለጉ ቃሉን ይጠብቃል። ከዚያም ሥራ አስኪያጁን መልስ ይጠይቃል፤ መልሱንም ሳይቆርጥ ያወጣል።

ዜናው ማታ ይተላለፋል። በማግስቱ ማለዳ ልምምድ አለ፤ አሠልጣኙም ቡድን መሪውም እዚያው ናቸው፤ ዘጋቢውም ማስታወሻውን ይዞ መሄዱ አይቀርም።