ሜስ፦ ብዙም ያልተዘመረለት የጦር ሜዳ መጠይቅ

አጠገቡ ፈንጂ ፈንድቶ ደም ሳይታይበት የተነሳ ወታደር «ደህና ነኝ» ቢል ማን ይከራከረዋል? የአሜሪካ ጦር እንዲህ ያለውን የማይታይ የአንጎል መናወጥ ለመለየት ያዘጋጀው ምርመራ ሜስ ይባላል። የኢራቅና የአፍጋኒስታን የመንገድ ዳር ፈንጂ ብዙዎችን ሲያናውጥ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ዋለ፤ ዛሬ ያለው ሁለተኛው እትም ነው። ማሽን አይጠይቅም፤ የሠለጠነ የሕክምና ባለሙያና ወረቀት ይበቃል።

እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም የሚጥል መንቀጥቀጥ ከታየ ምርመራው ይቆምና ታማሚው በአስቸኳይ ወደ ከፍተኛ ሕክምና ይላካል። ሚዛንና የዐይን እንቅስቃሴም ይፈተሻል።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ከ30 ነጥብ የሚያዘውን ክፍል ነው፦ አምስት ቃላት ሰምቶ መድገም፣ ቁጥርና ወራትን ከኋላ ወደ ፊት መጥራት፣ በመጨረሻም ቃላቱን እንደገና ማስታወስ። 25 እና ከዚያ በታች ጤናማ ውጤት አይደለም። ከጓዶቹ መለየት የማይፈልግ ወታደር ግን ቃላቱን አስቀድሞ ያጠናል፤ ስለዚህም ዝርዝሩ በተለያየ ቅጂ ተዘጋጅቷል። ለሁሉም አንዱን ቅጂ ብቻ የሚያነብ መርማሪ ፈተናውን በገዛ እጁ ያበላሸዋል።

ከዚህ የባሰው ጥፋት ነጥቡን ብቻ አይቶ ወታደሩን ማሰናበት ነው። ለእኔ የሜስ ልብ ያለው ከነጥቡ በፊት በሚመጡት ጥያቄዎች ላይ ነው። ከፍንዳታው በፊት መጨረሻ ላይ የምታስታውሰው ምንድን ነው? ከዚያ በኋላስ መጀመሪያ ያስታወስከው? ወታደሩ ጓዶቹ የነገሩትን እንደ ራሱ ትዝታ ሊያወራ ስለሚችል፣ ጥሩ መርማሪ ሁለቱን ይለያል። በመካከል ጥቂት ደቂቃ ከጠፋ፣ ወይም ሰውየው ለአፍታ ከተደናገረ፣ ራሱን ባይስትም አንጎሉ ተናውጧል፤ 30 ከ30 ቢያመጣም ያው ነው። ሲቲ ስካንም ብዙውን ጊዜ ይህን አያሳይም። ለምሳሌ ኢራን በጃንዋሪ 2020 አል አሳድ የተባለውን የኢራቅ ጦር ሠፈር በሚሳኤል ስትመታ፣ መጀመሪያ የተጎዳ አሜሪካዊ የለም ተብሎ ነበር። በኋላ የአንጎል ጉዳት የተገኘባቸው ወታደሮች 110 ደረሱ።

እንዲህ ያለው ጉዳት ስለሚደበቅ የአሜሪካ ጦር ከፍንዳታ በ50 ሜትር ውስጥ የነበረ ሁሉ እንዲመረመርና 24 ሰዓት እንዲያርፍ ያዛል። እኛ ዘንድ ግን በየሠፈሩ ኳስ ሜዳ ራሱን የተመታን ልጅ ውሃ አፍስሰውበት «አይዞህ» እያሉ ሲመልሱት አያለሁ። እባካችሁ፣ በዚያ ቀን አታጫውቱት።